ቀይ አፈር ያልነካው መደብ

ዘይቱናን በደንብ አውቃታለሁ ብዬ አልዋሽም። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ግድግዳ ተጎራብተናል፣ በዕድሜም እኩያሞች ነን፤ ያወራንባቸው ቀናት ግን ከሁለት እጅ ጣት አይበልጡም። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ልጻፍ።

ጀጎል ውስጥ የተወለደችበትን ቤት ከታናሽ ወንድሟ ከረምዚ ጋር ወርሳለች። ሁለት እጁ የእሱ፣ አንድ እጁ የእሷ ነው። እሱ ድሬዳዋ ልብስ ይነግዳል። እሷ አላገባችም፤ ከዚያ ቤት ውጭም አድራ አታውቅም። እሱ ይሸጥ ይላል፣ እሷ አይሸጥም። የጥንት ቤት ግድግዳ ስለማይነካ ለሁለት መክፈል አይቻልም። ቃዲው በመጨረሻ፣ «እስከ አረፋ ካልታረቃችሁ ይሸጣል» አሏቸው።

ለበዓል ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል። ዘንድሮ ረምዚ ቀቢ ይዞ መጣና ሁለት እጁን ብቻ አስቀባ። የቀረው እንደተሰነጣጠቀ ቀረ።

«ያንቺን ራስሽ ቀቢ» አላት።

«ከቀባሁማ ተካፈልን ማለት ነው» አለችው። አልቀባችም።

በሳምንቱ አፎቻ የምንለው የሰፈሩ ዕድር ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ መጡ። እኔም እንደ ጎረቤት ተጠርቼ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ አው ኢምራን ጫማቸውን አውልቀው መደቡን ሲያዩ ቀጥ አሉ።

«ግቡ እንጂ፣ እዚህ ተቀመጡ» አለ ረምዚ፣ ቀዩን እያሳየ።

«የእሱ እንግዶች ናችሁ ማለት ነው?» አለች ዘይቱና።

«እሺ ልጄ፣ ያንቺ ላይ እንቀመጣለን።»

«አው ኢምራን፣ ልብስዎን አቧራ እንዳይበላው» አለ ረምዚ። «እህቴ ቤት ስትጠብቅ እንዲህ ነው።»

«አንተ ሱቅህን ጠብቅ» አለችው።

አው ኢምራን ጫማቸውን መልሰው አጠለቁ። «ሰማንያ ዓመቴ ነው። ቆሜ የማስታርቅበት ጉልበት የለኝም» አሉ። ሌሎቹም ዱዓ ሳያደርጉ ተከተሏቸው።

ትናንት፣ አረፋ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ረምዚ ይዟቸው የመጣ ሁለት ገዢዎች ቤቱን በእርምጃ ለኩት። ከበሩ በላይ ጥቅል ምንጣፍ አለ፤ እዚህ ያልተዳረች ልጅ ያለችበት ቤት ምልክት ነው። አባቷ ያስቀመጡት እሷ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ነበር።

«ልጅ አለቻችሁ እንዴ?» አለ አንደኛው ገዢ።

«አለች» አለ ረምዚ። «ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው።»

ገዢው ሳቀ። ዘይቱና ያልተቀባው መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ቀና አላለችም።

እነሱ ሲወጡ እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ላጽናናት ብዬ የማይጠየቅ ጠየቅኳት።

«ቀብተሽው ቢሆን ሽማግሌዎቹ ይቀመጡ ነበር። አይቆጭሽም?»

ከመደቡ የተላጠውን አፈር በጥፍሯ አነሳች፣ መልሳም ቦታው ላይ ጫን ጫን አደረገችው።

«ስትሄድ በሩን ገርበብ አድርገው፤ ገና አምስት ቀን አለ» አለችኝ።