ፓራሹት ታቅፌ ከዋጫ ቦንጋ

የምኖረው ናይሮቢ ነው፤ በእረፍት ቀኔ ከአውሮፕላን እዘላለሁ። የዝላይ ጓደኞቼ ትንንሽና ፈጣን ፓራሹት ሲገዙ እኔ ቀለሙ ከለቀቀው ሰፊው አሮጌዬ አልተለየሁም። ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ቀስ አድርጎ ያሳርፈኛል።

ባለፈው አገሬ ቦንጋ ስመጣ ይዤው መጣሁ። ዋጫ ያለው አጎቴ «ካላየሁ አላምንም» ስላለኝ ወስጄ አሳየሁት። በቦንጋ አድርጎ ጅማ በሚሄደው አውቶቡስ ስመለስ፣ ዝናብ እንዳይመታው ብዬ ጣሪያ ላይ አላስጭንም አልኩና ከነቦርሳው ታቀፍኩት።

ሺሺንዳ ላይ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ምንድን ነው እንዲህ የታቀፍከው?»

«ፓራሹት ነው እማማ። ከሰማይ ስዘል ይዞኝ የሚወርድ።»

ቦርሳውን አዩ፤ ቀጥሎ በመስኮት ገደሉን አዩ።

«ስንት ሰው ይይዛል?»

«አንድ።»

ወደ ፊት ዘንበል ብለው ለፊተኞቹ ሹክ አሉ። ከፊት ያሉት ዞር እያሉ ያዩኝ ጀመር፤ ሹፌሩ ሳይቀር በመስታወት ገላመጠኝ። ስለ መንገዱ የማውቀውን የደበቅኳቸው ይመስል አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። በዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቦንጋ ስንደርስ ልወርድ ብነሳ ቦርሳው አልነሳ አለኝ። የሴትዮዋ መቀነት ጫፍ ማንገቻው ላይ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። እሳቸው ተኝተዋል።

ነፍሷን ይማርና እናቴም ሺሺንዳ ገበያ ስትወስደኝ፣ እንዳልጠፋባት እጄን ከመቀነቷ ጋር የምታስረው እንዲሁ ነበር። ልፈታው እጄን ሰደድኩ። መልሼ ሰበሰብኩና ቁጭ አልኩ።

ረዳቱ «ቦንጋ ወራጅ አለ?» ሲል፣

«የለም» አልኩት።