በካልቻ ያልወጣችበት ንጋት

ባለፈው ሰሞን ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ መብራት ጠፍቶብን ከልጄ ከሰላም ጋር ደጃፍ ተቀምጠን ነበር። እሷ ስልኳን ከፍታ በታኅሣሥ ወር ሰማይ ላይ ምን እንደሚታይ ታነብልኛለች። ሰማዩ በላያችን ተዘርግቶ እያለ ከስልክ ላይ መነበቡ አስቆኝ ነበር። ተወርዋሪ ኮከቦች ይበዛሉ አለች። ሦስት ኮከቦች ተሰልፈው ከእራት በኋላ በምሥራቅ ከፍ ይላሉ አለች። ቀጠለችና፣ «አጥቢያ ኮከብ ግን በዚህ ወር ማታ በምዕራብ ታይታ ትጠልቃለች። ማታ በምትታይበት ወቅት ንጋት ላይ አትወጣም» ስትል ሳቄ ቆመ።

«እስቲ ድገሚልኝ» አልኳት።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ነቀምቴ አጎቴ ቤት እኖር ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ እናቴ ሲሬ ብቻዋን ነበረች። ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ጊምቢ በአስተማሪነት ከተመደበ ዓመት አልሞላውም። በዚያው ታኅሣሥ ታመመና ነቀምቴ ሐኪም ቤት አስገቡት። ይሻለዋል፣ እናቱን አናስደንግጣት ስንል አረፈ። አስከሬኑ በማግስቱ ጠዋት ሲሬ እንዲገባ ተወሰነና እኔና አጎቴ በአውቶቡስ ቀድመን ሄድን። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፍ ታጭዶ ተከምሯል፤ አቧራው በመስኮት እየገባ ዓይኔን ሲያቀላው ለእንባዬ ሰበብ ሆነልኝ።

መርዶ ማታ አይነገርም። ሐዘንተኛው ከነሐዘኑ ጨለማውን እንዳይገፋ፣ ጎረቤት ደርሶ እንዲይዘው፣ ሊነጋጋ ሲል ነው የሚረዳው። አጎቴ ሽማግሌዎች ለማሰባሰብ ጎረቤታችን ኦቦ ተርፋሳ ቤት ገባ። እኔን፣ «ትምህርት ተዘግቶ ነው በያት። እስኪነጋ ፊትሽን ጠብቂ» አለኝ። እናቴ የመጨረሻዋን የሰላም ሌሊት እንድታድር እኔ ሳላለቅስ ማምሸት ነበረብኝ።

ፊቴን ላስተካክል መንገድ ላይ ቆይቼ ስደርስ ሊመሽ ሲል ነው። እናቴ አጥሩ ጥግ ቆማ ከኦቦ ተርፋሳ ጋር ታወራለች። ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች በላይ፣ በምዕራብ፣ አንዲት ትልቅ ኮከብ ቦግ ብላለች።

«ዛሬስ እንዴት ደምቃለች» አለች እናቴ።

ኦቦ ተርፋሳ ቀና ብለው ኮከቢቱን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። ወሬው እንደ ደረሳቸው ከዓይናቸው ገባኝ። «አዎ፣ ሃዳ ታደሰ» አሉ። የታደሰ እናት ማለታቸው ነው፤ በሌላ ስም ጠርተዋት አያውቁም።

ጾም ስለነበር እናቴ የአገራችንን ሥራ ሥር፣ አንጮቴ፣ ቀቅላ በኑግ አቀረበችልኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ፤ እየሳቅሁ በላሁ። ከእራት በኋላ እጄን ይዛ ወደ ደጅ አወጣችኝ። ታደሰ ወደ ጊምቢ ሲሄድ፣ «እማ፣ በናፈቅሁሽ ጊዜ እነዚያን ሦስቱን ኮከቦች እያቸው፤ እኔም እዚያ ሆኜ አያቸዋለሁ» ብሏት ነበር። ይህን ቃል ይዛ ሰማዩ በጠራ ቁጥር ከመተኛቷ በፊት ሰላም ትለዋለች።

«ልጄ፣ እንደምን አመሸህ» አለች ሽቅብ። ወደ እኔ ዞረችና፣ «በይ አንቺም በይው» አለችኝ።

አልኩት። እንዴት አድርጌ እንዳልኩት ዛሬም አላውቅም።

እሷ ወዲያው ተኛች። በእኔ ዓይን እንቅልፍ አልዞረም። ዶሮ ሲጮኽ ከአጥሩ ወዲያ እግር ተሰማኝ፤ ቀስ ብሎም የአጎቴ ድምፅ።

«ኦቦ ተርፋሳ፣ እንግባ እንጂ።»

«በካልቻ አልወጣችም» አሉ ኦቦ ተርፋሳ። አጥቢያ ኮከብን በካልቻ ነው የሚሏት። «እሷ ሳትወጣ ሰው አይቀሰቀስም። ትንሽ ትተኛ።»

«መኪናው ይደርስብናል እኮ።»

«ሳይደርስ እንገባለን።»

በቆሎ ከከርከሮ ሲጠብቁ ዕድሜያቸውን ደጅ ያደሩ ሰው ናቸውና በሰማይ ነገር የሚከራከራቸው አልነበረም። ዶሮው ደግሞ ጮኸ። አጎቴ ደግሞ ጠየቀ፤ እሳቸው «ገና ናት» አሉ። እኔ ብርድ ልብሱን ነክሼ ያችን ኮከብ ረገምኳት፤ እሳቸውንም ጠላኋቸው። አጠገቤ እናቴ አፏን ከፈት አድርጋ ትተነፍሳለች። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ተኝታ አላየኋትም።

ማንም ሳይቀሰቅሳት ነቃች። ውኃ ልትቀዳ ጄሪካኗን ይዛ በሩን ስትከፍት ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል።

«አካም ቡልታን» አለቻቸው፤ እንዴት አደራችሁ ማለቷ ነው።

የሚመልስላት ጠፋ። በወለጋ ሰላምታ ሳይመለስ የሚቀረው ትልቅ ነገር ሲመጣ ነው። ኦቦ ተርፋሳ «ሃዳ...» ብለው ጀመሩ፤ የልጇን ስም ግን መጨረስ አልቻሉም። እናቴ ጄሪካኗን በቀስታ መሬት ላይ አስቀመጠች። ጩኸቷ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

ይህን ሁሉ ዘመን ኮከቢቱ ያን ቀን የዘገየች ይመስለኝ ነበር። ለካስ አትመጣም ኖሯል። ያን ንጋት የጠበቋት በካልቻ ማታ ሦስታችን አጥሩ ጥግ ቆመን ያየናት ነበረች። ኦቦ ተርፋሳ እንደማትወጣ እያወቁ ነው እነዚያን ሁሉ ሽማግሌዎች በብርድ ያቆሟቸው። ለእናቴ እንቅልፍ መስጠታቸው ነበር፤ ሌላ የሚሰጧት አልነበራቸውም። አሁን በሕይወት የሉም፤ ባለማመስገኔ አንጀቴ አረረ።

መብራቱ እንደጠፋ ነው። ሦስቱ ኮከቦች ከጎረቤት ቆርቆሮ በላይ ወጥተዋል። ብድግ ብዬ ለወንድሜ «እንደምን አመሸህ» አልኩት። ለኦቦ ተርፋሳም በቋንቋቸው፣ «አካም ኦልታን» አልኩ፤ እንዴት ዋሉ ማለቴ ነው።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለችኝ ሰላም።

«ነይ፣ አንቺም ሰላም በያቸው» አልኳት።