የናዝሬት ልጅ የሸጠልኝ መስሚያ

ትናንት ቁም ሳጥን ሳጸዳ አንዲት ሰማያዊ ካርቶን እጄ ገባች። ከክብሪት ቀፎ ብዙም አትበልጥም። ከፈት ሳደርጋት የአባቴ የፀጉር ቅባት ሸተተኝ። አባቴ ካረፈ ስንት ዓመቱ፣ ሽታው ግን አልለቃትም አለ። ለምን እንዳልጣልኳት ልንገርሽ። ሰምተሽ ስትጨርሺ ሞኝ ነሽ ማለትሽ አይቀርም፤ በይ፣ ነበርኩ።

ሃያ ዓመቴ ነበር። አክስቴ ከዱባይ ልብስና ጫማ እያመጣች አዳማ ውስጥ ትነግዳለች። በዚያ ዓመት እኔንም ይዛኝ ሄደች። ለፍቅሬ ብላ እንዳይመስልሽ፤ ለአንድ መንገደኛ የሚፈቀደው ሻንጣ የተወሰነ ስለሆነ በእኔ ስም ተጨማሪ ጫማ ልትጭን ነው። ሰፈሩ ግን ትልቅ ቦታ የደረስኩ መስሎት መርቆ ሸኘኝ።

እኔም የራሴ ጉዳይ ነበረኝ። አባቴ ስኳር ፋብሪካ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ከወጣ በኋላ ጆሮው ደከመ። አንድ ቀን የእድር ስብሰባ ላይ ስለ ድንኳን ቢጠይቁት ስለ ወንበር መለሰና ሰዉ ሁሉ ሳቀበት። ከዚያ ወዲህ ከግቢ መውጣት ተወ። ያ ጨዋታ አዋቂ፣ ሰው ካላየ እህል የማይበላ አባቴ፣ ሬዲዮኑ ሥር ተቀምጦ መዋል ጀመረ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያለኝ እሱ ብቻ ነው። አሥረኛ ክፍል ሳልፍ የገዛልኝን የወርቅ ጉትቻ ሸጥኩና መስሚያ ላመጣለት ለራሴ ማልኩ።

የዱባይ ሙቀት ለአዳማ ልጅ ብርቅ አይደለም፤ የገረመኝ የሱቆቹ ብርድ ነው። አክስቴ ጫማ ተራ ስትከራከር እኔ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወዳሉበት ወጣ አልኩ። እንግሊዝኛዬ "ሃው ማች" ላይ ያልቃል። ሦስት ሱቅ ገብቼ ጆሮዬን በጣቴ ባሳይ ሦስቱም የሙዚቃ ማዳመጫ አመጡልኝ። ልመለስ ስል ከኋላዬ "እህት፣ ምን ፈልገሽ ነው?" የሚል አማርኛ ሰማሁ።

ቀጭን ልጅ ነው፣ የፊት ጥርሱ ትንሽ ሸረፍ ያለ።

"ከየት ነሽ?"

"ከአዳማ።"

"ተይ እንጂ። የናዝሬት ልጅ ነሽ? የት ሰፈር?"

"ፍራንኮ።"

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ፑል ቤቱን፣ ጭማቂ ቤቱን፣ ማታ ማታ በቆሎ የሚጠበስበትን ጥግ ሳይቀር ጠራልኝ። እናቱ ከአዳማ ወጣ ብላ ባለችው ደራ፣ አስፋልቱ ዳር እንደሚኖሩ ነገረኝ። እኔ ደግሞ አምስት ቀን ሙሉ ከአክስቴ በስተቀር የሚያናግረኝ አጥቼ ነበርና ተከተልኩት። ወደሚሠራበት ሱቅ ወስዶ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኝ፤ ስለ አባቴ ስነግረው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠኝ። ከዚያ ይቺን ሰማያዊ ካርቶን አወጣ።

ልከፍታት እጄን ስዘረጋ፣ "ከተከፈተች ጋራንቲዋ ይበላሻል" አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ግን ካላመንሽኝ ልክፈታት።"

ያቺ "ካላመንሽኝ" ናት ጉድ የሠራችኝ። የአገሬን ልጅ፣ ያውም ውሃውን ጠጥቼ፣ ዓይኑን እያየሁ አላመንኩህም ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ። "ኧረ ምን ነካህ" ብዬ ከነካርቶኗ ገዛሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል ስሰማ አድጌያለሁ፤ የሰፈር ልጅ ግን እዚያ ውስጥ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ስወጣ ሮጦ ደረሰብኝ። በፌስታል የተጠቀለለ ሻርፕ ሰጠኝና፣ "ለእናቴ አደራ፣ ካየኋት አምስት ዓመቴ ነው" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እንባው እውነተኛ እንደነበር ዛሬም እምላለሁ። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

እንደተመለስኩ ሻርፑን ደራ ወሰድኩ። እናቱን ቤት ባላገኛቸው ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ መጣሁ።

ለአባቴ መስሚያውን ጆሮው ላይ ሳደርግለት አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ አለች።

"ይሰማል?" ብዬ ጮህኩ።

"ምን ያስጮህሻል፣ ጥርት አድርጎ ይሰማል። ከእንግዲህ አትጩሂብኝ።"

እኔም መጮህ ተውኩ። በሚቀጥለው እሑድ ነጠላውን አጣፍቶ እድር ሄደ። ሰው ሲስቅ አብሮ ይስቃል፤ ሰው ሲያዝን ከንፈር ይመጥጣል። እኔ ደስታዬን አልችለው ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ስለዚያ ደግ ልጅ አወራሁ።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ደጅ ልብስ ሳጥብ መብራት ሄደ። የጎረቤት ወፍጮ ቆመ፤ የእኛም ሬዲዮ ጸጥ አለ። በመስኮት አየት ሳደርግ አባቴ ሬዲዮኑ ፊት ተቀምጦ ራሱን በስሱ ይነቀንቃል። ቆይቶ ዞር ሲል አየኝና፣ "ይኼ ጋዜጠኛ እኮ አነጋገሩ ደስ ይላል" አለኝ።

እጄ ላይ ያለው አረፋ እስኪደርቅ ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ ፊቱን ሊታጠብ ሲያወልቀው መስሚያውን ይዤ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ሮጥኩ። ጠጋኙ ፈታትቶ መልሶ እየገጠመ፣ "እህቴ፣ ሿሿ ተሠርተሻል። ባትሪና መብራት ብቻ ነው ያለው፤ ድምፅ የሚያሳልፍ ነገር ውስጡ የለም" አለኝ። እርር ድብን አልኩ። ቤት ሳልመለስ የደራ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ልጅዎ ሌባ ነው ብዬ በሰው ፊት ልነግራቸው፣ መንገዱን ሙሉ ቃሌን ስደረድር ሄድኩ።

እናቱ ደጃቸው ላይ ቲማቲም በመደብ በመደብ ደርድረው ተቀምጠዋል። በዚያ ፀሐይ ሻርፑን ከአንገታቸው አላወለቁትም።

"አካም ጅርታ ልጄ፣ ስንት መደብ ልስጥሽ?"

"ሻርፑን ከዱባይ ያመጣሁልዎት እኔ ነኝ" አልኩ፣ ኮስተር ብዬ።

ብድግ ብለው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። የቲማቲም ቅጠል ቅጠል የሚሸት እጅ። ግራ ቀኝ ዓይኔን ሳሙኝና፣ "ልጄን ያየ ዓይን" አሉ። ከሳ ወይ፣ ይበላል ወይ አሉኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ መሰለኝ፣ "ስልክ ከደወለ ዓመት አለፈው። ድምፁ ተለውጧል?" አሉኝ።

የዱሮ ድምፁን እኔ በምን አውቄው። የደረደርኩትን ሁሉ ተውኩት።

"አልተለወጠም፣ እማማ። እንደ ድሮው ነው።"

በፌስታል ሙሉ ቲማቲም አሸክመው ሸኙኝ።

ቤት ስደርስ አባቴ በረንዳ ላይ ሆኖ ከጆሮው ኋላ ይዳብሳል። "ጆሮዬን የት ወሰድሽው?" አለኝ። ላጸዳው ብዬ ነው በሚል መስሚያውን አውጥቼ አሳየሁትና ከጀርባው ዞሬ አደረግኩለት። ቅባቱ ሸተተኝ፤ አንገቱ ምን ያህል እንደቀጠነ ያን ጊዜ አየሁ። እንዳልጮህበት ብሎኝ የለ፤ ቀስ ብዬ፣ "ተሸወድን አባዬ" አልኩት።

"አሜን" አለኝ፣ "አንቺንም ይባርክሽ፣ የኔ ልጅ።"