በባዶ ቅጽ ላይ የሰፈረ ፊርማ

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው አቋቋሟ ነው። ሐኪሙ ሴት ታካሚ ሲመረምር ሌሎቹ ነርሶች በሩን ተደግፈው ይቆማሉ። እሷ ግን ከአልጋው ራስጌ፣ የታካሚዋን ፊትና የሐኪሙን እጅ እኩል ከምታይበት ቦታ ንቅንቅ አትልም። እንጨት እንኳ እንዲህ አይቆምም። ባልደረቦቿ "ሲስተር ምሰሶ" ይሏታል።

ምሰሶነቷ ግን አብሯት የተወለደ አይደለም።

ቀድሞ ትሠራበት በነበረው ክሊኒክ ወረፋው ከበር ውጭ ይተርፍ ነበር። የጤና ባለሙያዎች ተቆጣጣሪ ምክር ቤት ደንብ ግልጽ ነው፤ ሐኪም የሴትን ገላ ሲመረምር ሦስተኛ ሰው ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ያያል፣ ማየቱንም በፊርማው ያረጋግጣል። የክሊኒኩ ዶክተር ጨዋታ አዋቂ ነበር። አንድ ጠዋት፣ "እህቴ፣ ከመርፌ ክፍል አንቺን ስንጠራ ልንውል ነው? የዛሬውን ባንዴ ፈርመሽ ገላግዪን" አላት። ሳቀችና ሃያ ባዶ ቅጽ ፈረመች። በማግስቱም። ሁለት ዓመት ሙሉ።

ከዚያ አንዲት ልብስ ሰፊ ምክር ቤቱ ዘንድ ሄዳ፣ ዶክተሩ በሩን ቆልፎ ከምርመራ ውጭ ገላዋን እንደነካካት ከሰሰች። ሌላ ሰው አልነበረም አለች። ቅጹ ግን ሲስተር ነበረች ይላል።

የምስክርነት መጥሪያው የደረሳት ቀን ቤቷ ምሳ ሳይቀመስ ቀረ። ታላቅ እህቷ፣ ዕዳ ከሜዳ ለምን ትጠሪያለሽ ብላ ተቆጣቻት። ነበርኩ ካለች ነገሩ እዚያው ይቀራል፤ አልነበርኩም ካለች የሃያ ሁለት ዓመት የሙያ ፈቃዷ ገደል ይገባል፣ ልጆቿም ገና ተማሪዎች ናቸው።

"ዝም ብትዪ ማን ያውቃል?" አለቻት በመጨረሻ።

"ሴትዮዋ ታውቃለቻ።"

በችሎቱ ዕለት ዶክተሩ እንደ ወትሮው ፈገግ ብሎ በጭንቅላቱ ሰላም አላት። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ቅጹን አንስታ ፊርማው ያንቺ ነው ወይ ስትላት፣ የኔ ነው አለች። ቀጥላም ክፍሉ ውስጥ ነበርሽ ወይ አለቻት።

"አልነበርኩም። የፈረምኩት ጠዋት ነው፣ ባዶውን።"

ሰብሳቢዋ ይህ ቃል እሷንም እንደሚያስቀጣት አስጠነቀቀቻት።

"ይጻፍልኝ" አለች።

ከሰዓት በኋላ ውሳኔው ተነበበ። የዶክተሩ ፈቃድ ተሰረዘ፤ የእሷም ለአንድ ዓመት ታገደ።

ሲስተር ልብስ ሰፊዋን ኮሪደሩ ላይ ቆማ አገኘቻት። ምስጋና አልጠበቀችም፣ ምስጋናም አልመጣም።

"እዚያ ብትኖሪ አይነካኝም ነበር" አለቻት ሴትዮዋ፣ ድምጿን ሳታነሳ።

"አይነካሽም ነበር።"

"ሌሎቹስ? ስንት ባዶ ወረቀት ፈርመሻል?"

ልትቆጥር ሞከረች፤ አልሆነላትም። በያንዳንዱ ወረቀት ሥር አንዲት ሴት እንዳለች ገና ያኔ ታያት።

"ከምክር ቤቱ መርማሪ ጋር ቁጭ ብለን የክሊኒኩን መዝገብ እናወጣዋለን" አለች። "የቱ ላይ እንደነበርኩ፣ የቱ ላይ እንዳልነበርኩ የማውቀው እኔ ነኝ። ስማቸው ተለይቶ እያንዳንዳቸው ይጠየቁ።"

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ልብስ ሰፊዋን እዚያው ትታ፣ በረጅሙ ኮሪደር ወደ መርማሪው ክፍል ሄደች።