ከቀራንዮ እስከ እንዶዴ፦ ከአባባ ጋር ፉርጎ ስንቆጥር

ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ነሐሴ ካፊያውን እያወረደብን፣ እኔና አባቴ ከቀራንዮ ተነሣን። የምንሄደው የጭነት ባቡር ለማየት ነው። ነገሩ ሽርሽር ይመስላል፤ እውነቱ ግን ውርርድ ነበር።

አባባ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በድሮው የጅቡቲ መስመር፣ በጭነት ባቡር የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ተቀምጠው ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለፈው ወር ለመንገድ ሥራ የተቆፈረ ቦይ ውስጥ ወድቀው ጎረቤት ነው ያወጣቸው። “ጭቃው አንሸራቶኝ ነው” ብለው ድርቅ አሉ። የዓይን ሐኪሟ ግን እኔን ለብቻዬ ጠርታ አንዱ ዓይናቸው እንደጠፋ፣ ሌላውም ብዙ እንደማይቆይ ነገረችኝ። ሐዋሳ የሚኖረው ወንድሜ “እኔ ጋ ይምጡ፤ ቤቱ ይከራይ” አለ። እኔ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር ሰው ነኝ፤ ከሐዘኔታ በቀር የማቀርበው ነገር አልነበረኝም።

አባባ ሦስት ቀን ሙሉ አኮረፉ። በአራተኛው ቀን ጠሩኝ።

“የጭነት ባቡር የሚያልፍበት ቦታ ውሰጂኝ” አሉኝ። “አንቺ ፎቶ ታነሻለሽ፣ እኔ ፉርጎ እቆጥራለሁ። ቁጥራችን ከገጠመ ከቤቴ የሚያስወጣኝ የለም። ካልገጠመ ለወንድምሽ ደውዪለት።”

ሥራቸውም ይኸው ነበር። ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ ቆጥረው፣ ከወረቀቱ ጋር አመሳክረው ይፈርማሉ። አንድ ፉርጎ ከጎደለ ወይም ከተረፈ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም። በውርርዱ ተስማማሁ። ያኔም ቢሆን እንዲያሸንፉ ነበር የምመኘው።

ሰባት ሰዓት፣ ጦር ኃይሎች

ከታክሲ ወርደን መንገዱን ስንሻገር ክንዴን አጥብቀው ያዙ። “አንቺን ልደግፍሽ ብዬ ነው” አሉ፤ “ደግ አደረጉ” አልኩ። የከተማው ባቡር ውስጥ አንድ ወጣት ተነሥቶ አስቀመጣቸው። በመስኮቱ በኩል የሚታየው ዝናብና ያላለቀ ፎቅ ብቻ ነው፤ እሳቸው ግን ሁሉንም እንደሚያዩ ሰው አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ ያዞሩ ነበር።

“ሰው ብቻ የሚጭን ባቡር፣ ባቡር አይባልም” አሉኝ ጮክ ብለው። “ይኼ ሃዲድ ላይ የወጣ አውቶቡስ ነው።”

ስታዲየም ወርደን የቃሊቲውን ሃያ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ከቃሊቲ በታክሲ ቱሉ ዲምቱ፣ ከዚያ በባጃጅ እንዶዴ። ባለ ባጃጁ ሁለት መቶ ብር ጠይቆ በመቶ ሃምሳ ተስማማ፤ መንገዱን ሳየው ያስወረድኩት ሃምሳ ብር አሳፈረኝ። ከከባድ መኪና ጎማ የሚተፋው ጭቃ እስከ ጉልበታችን ደረሰ። አባባ ነጭ ሸሚዝ ነበር የለበሱት።

ዘጠኝ ሰዓት፣ እንዶዴ

ጣቢያው በር ላይ ካሜራዬን ገና ከቦርሳ ሳወጣ ጥበቃው መጣ።

“እህቴ፣ እዚህ ፎቶ ክልክል ነው።”

“እኔ የባቡር ሰው ነኝ” አሉት አባባ ቀጥ ብለው።

“የየትኛው ባቡር?”

“የድሮው።”

“የድሮውማ ቀረ እኮ አባቴ” አለ፤ ክፋት ግን አልነበረበትም። ከግቢው ራቅ ብለን፣ አስፋልቱ ዳር ከሆንን እሱን እንደማይመለከተው ነገረን።

በጥቁሩ የዋልካ ጭቃ ሩብ ሰዓት ያህል ተጓዝን። በአንድ በኩል መጋዘን፣ በሌላው ውኃ የተኛበት የጤፍ ማሳ፣ መሐሉ ላይ ሃዲዱ። መንገድ ዳር ጃንጥላ ዘርግታ በቆሎ የምትጠብስ ሴት አገኘንና ከእሷ ዘንድ ተጠለልን። ስሟ ጫልቱ ነው። አንዱን እሸት በሠላሳ ብር ሸጠችልን፤ ለአባባ ደግሞ የራሷን በርጩማ ለቀቀችላቸው።

“ባቡሩ ስንት ሰዓት ያልፋል?” አልኳት።

“እሱ ምን ሰዓት አለው? አንዳንድ ቀን ሦስት ያልፋል፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ የለም። ምን ያደርግላችኋል?”

“እንቆጥረዋለን” አሉ አባባ።

ጫልቱ እየሳቀች ከሰሏን ማራገቧን ቀጠለች።

ስንጠብቅ አባባ ምስጢራቸውን አወጡ። ለካ የተማመኑት በዓይናቸው አልነበረም። የሃዲዱ ብረት እየተቆራረጠ የተጋጠመ ስለሆነ መንኮራኩሩ በየመጋጠሚያው ላይ ይመታል፤ ሁለት ጊዜ ከፊት፣ ሁለት ጊዜ ከኋላ፣ ይኼ አንድ ፉርጎ ነው። ድሬዳዋ ሳሉ ጎጇቸው ውስጥ ተጋድመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሚያልፈውን ባቡር እስከ መጨረሻው ይቆጥሩት ነበር።

“ታዲያ ይኼ ማጭበርበር አይደለም?” አልኳቸው።

“ቁጥሩ ከገጠመ ምን አገባሽ!”

ከወደቁ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየኋቸውም ነበር። እኔም ደስ አለኝ።

ከአሥር ሰዓት ተኩል በኋላ ሰማዩ በጣም ጠቆረ። ባቡሩ ከሞጆ በኩል ብቅ አለ። አባባ ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የእኔ ዘዴ ቀላል ነበር፤ ለእያንዳንዱ ፉርጎ አንድ ፎቶ። ኮንቴይነር፣ ኮንቴይነር፣ የነዳጅ ታንከር፣ ብረት የጫነ፣ ደግሞ ኮንቴይነር። ዝናቡ የካሜራውን ሌንስ ስላራሰው ግማሹ ፎቶ ጉም ነው የሚመስለው።

የአባባ ከንፈር ሲንቀሳቀስ በዓይኔ ጥግ ይታየኛል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ከንፈራቸው ቆመ። ባቡሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያው አንድ ሹክሹክታ ብቻ ነበር፤ የሚመታ ነገር የለውም። ዓይናቸውን ገለጡ፤ ጭንቅላታቸው ወደ ግራ ዞረ፣ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ባርኔጣቸው ጭቃው ላይ ወደቀ። ባቡሩ ፊታቸው ላይ እያለፈ ይፈልጉታል። እጃቸውን መያዝ ነበረብኝ። እኔ ግን ቁጥሬ እንዳይጠፋ ብዬ ፎቶዬን ማንሣት ቀጠልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

ባቡሩ አለፈ።

“ሠላሳ ስድስት” አሉ፣ ያለ አንዳች ማመንታት። “አንቺስ?”

ካሜራው አርባ አንድ ይላል።

“ሠላሳ ስድስት” አልኩ። “ገጥሟል አባባ።”

ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ፈገግ አላሉም። ብርዱ ነው ብዬ አሰብኩ። ባርኔጣቸውን ጫልቱ አንሥታ በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠቻቸው።

መመለሻ

እስከ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲም እስከ ስታዲየም ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ተጓዙ። በቆሎው ኪሳቸው ውስጥ ቀዝቅዟል። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጦር ኃይሎች የቀራንዮ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቆመን ሳለ ድንገት መናገር ጀመሩ።

“ሃዲዱ መጋጠሚያ የለውም። በይደውታል።”

ወደ እሳቸው ዞርኩ።

“ሦስቱን የቆጠርኩት በግምት ነው፤ አንድም አልሰማሁም። አንድም አላየሁም። ሠላሳ ስድስት ያልኩሽ ከባዶ ነው፤ አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት። አንቺ ገጥሟል ስትዪኝ ደነገጥኩ። ስንት ነበር?”

“አርባ አንድ” አልኩ እያለቀስኩ።

“አምስት ፉርጎ!” አሉ። “ሃያ ስድስት ዓመት አንዲት የሐሰት ፊርማ አልፈረምኩም። ዛሬ ፈረምኩ፤ አንቺንም አስፈረምኩሽ።”

“ይቅር አባባ፣ እኔ እየተመላለስኩ አይዎታለሁ። ለወንድሜ አንነግረውም።”

“ደግሞ ሌላ ሐሰት ልትጨምሪበት ነው?”

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ቀን እንዳደረጉት ክንዴን ያዙ፤ አሁን ግን “ልደግፍሽ” አላሉም።

ቤት ደርሰን ጫማቸውን አወለቅሁላቸው። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ነገር ቢኖር ስለ ራሴ ነው። ለእሳቸው አዝኜ የዋሸሁ መስሎኝ ነበር፤ የዋሸሁት ግን ለወንድሜ ደውዬ “ልክ ነህ” ማለቱን ፈርቼ ነው። ያንን ከባድ ሥራ ዓይናቸው ለጠፋ ሽማግሌ ተውኩላቸው፤ እሳቸውም ሠሩት። “ደውዪና ስጪኝ” አሉኝ። ደወልኩ። ወንድሜ እንደ ሁልጊዜው በመጀመሪያ “ዓይንዎ እንዴት ነው አባባ?” ብሎ ጠየቀ። ሁልጊዜ “ደኅና ነው” ነበር መልሳቸው።

“አያይም ልጄ” አሉት። “መጥተህ ውሰደኝ።”