በቀይ ቀለም የጻፍሁት ስም

ማርና ሰም ስነግድ የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ አፍንጫዬ ከዓይኔ ይቀድማል። ባለፈው ሳምንት ለስኳር መጠቅለያ ብዬ በሚዛን ከገዛሁት አሮጌ ወረቀት አንዱን እሽግ ስከፍት ቀድሞ የመጣው ሽታው ነው። አቧራና አይጥ አይደለም፣ እሱንማ ለምደነዋል። ሰም ነው። ሱቅህ ሰም ሞልቶ የወረቀቱን በምን ለየኸው ትሉኝ ይሆናል። ነጋዴ የራሱን ዕቃ ከሰው ዕቃ ካልለየ ምኑን ነገደ።

ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አወጣሁት። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገጽ ነው፤ ዳር ዳሩ ሻይ የፈሰሰበት መስሏል። በግራ ኅዳጉ አራት የመርፌ ቀዳዳዎች አሉ፣ ጠርዛቸው በሰም ቢጫ ሆኗል። እነዚያን ቀዳዳዎች የበሳሁ እኔ ነኝ። ሰቆጣ ውስጥ የፈረንጅ ልብ ወለድ በሰም በታሸ ክር የሰፋ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና እንተዋወቅ።

ተቀመጥሁ። አንድ ደንበኛ መጥቶ ቆሞ ቆሞ ሄደ።

አስራ አንደኛ ክፍል ነበርሁ። ዳዊት ደግሜ፣ ቁም ጽሕፈት ጀምሬ፣ ከቄስ ትምህርት ቤት ወደ አስኳላ የተሻገርሁ ልጅ ነኝ። እጄ ከጭንቅላቴ ይሻል ነበር። እንግሊዝኛ ስጽፍ ያየ ሰው አዋቂ ይለኛል፤ የጻፍኸውን አንብብ ካለኝ ግን ያን ጊዜ ጉዴ ይፈላል።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ከሩቅ አገር የመጣ፣ ብርዳችን ያልተስማማው፣ በኮቱ ላይ ጋቢ የሚደርብ ወጣት ነበር። አንድ ቀን አንድ ልብ ወለድ ይዞ ገባና ለፈተና ይገባል አለ። መጽሐፉ አንድ፣ እኛ ስልሳ። ቆሞ ያነብልናል፣ እኛ ከንፈሩን እናያለን። ከመስኮቱ ውጭ የቆርቆሮው ክዳን በፀሐይ ሲንጣጣ ይሰማል።

ታሪኩን ቀስ በቀስ ያገኘነው ከወንበር ጓደኛዬ ነው። ከተከዜ ቆላ የመጣች የዝቋላ ልጅ ነበረች፤ ከከተማው ዳር ቤት ተከራይታ፣ ከአገሯ በመጣ የማሽላ ዱቄትና በሶ የምትማር። ቤቷ የአገሯን ቋንቋ ኽምጣና ተናግራ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ገበያ ላይ ትግርኛ ተናግራ ያደገች ናት። ለአራተኛው ቦታ አይጠፋም ትል ነበር። እውነትም አልጠፋም።

እሷ እንደነገረችን፣ በጭጋግ አገር አንድ ትልቅ የድንጋይ ቤት አለ። ጌታው ሚስቱ ሞታበታለች። የሞተችው ሴት አልተኛችም፣ በጭስ ማውጫው ውስጥ ድምፅዋ ይሰማል። ሴት ልጁ ደግሞ ፎቅ ላይ ካለች ክፍል ተኝታ ከቀን ቀን ትመነምናለች። በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። እኔ መጀመሪያ የጠየቅሁት ሠላሳ ክፍል ቤት ይዘው ለምን አያከራዩም ብዬ ነው። ቀጥሎም ፍርዴን ሰጠሁ፦ ተዝካሯን ስላላወጡላት ነው፤ ተዝካር ያልወጣላት ሴት ብትዞር ምን ይገርማል። ጓደኛዬ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። በኋላ በትንሿ ፈተና ላይ ያንኑ ቃሌን በእንግሊዝኛ ጽፋ ሰጠች፤ መምህሩ ሙሉ ማርክ ሰጥቶ ዳር ላይ ሦስት መስመር አድናቆት ጻፈላት። ከማርኩ ለእኔ የደረሰኝ የለም።

ለስልሳ ሰው አንድ መጽሐፍ እንዴት ይብቃ የሚለውን የፈታሁት ግን እኔ ነኝ። በቄስ ትምህርት ቤት አንድ ብራና ብዙ ጸሐፊ ሲገለብጠው ስፌቱ ይቆረጥና በየጥራዙ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ጸሐፊ የደረሰውን ጥራዝ ገልብጦ ይመልሳል፣ በመጨረሻ እንደገና ይሰፋል። ይህን አስረድቼ ሳልጨርስ ቢላዬ ከስፌቱ ገብቶ ነበር። መምህሩ ራሱን ያዘ። ጥራዞቹ ከወንበር ወንበር ሲዞሩ ሲያይ ግን እጁን ከራሱ አወረደ። ከዚያ ወዲህ እኔ እገለብጣለሁ፣ እሷ ታነባለች፣ ያነበበችውን ትተርክልኛለች። ገልባጭ ለተራኪ። የመጀመሪያ ንግዴ እሱ ነው፣ ከዚያ የተሻለም አልነገድሁ።

የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ሲደርስ የመጨረሻው ጥራዝ ብቻ ቀራት። እሱን ሌሎች ይዘውታል፣ እሷ ደግሞ ስንቅ ለማምጣት አገሯ መሄዷ ነው። ከያዙት ልጆች ተውሼ፣ ሁለት ቀን ተቀምጬ ገለበጥሁላት። ምን እንደሚል አላውቅም፤ ፊደሉን እንደ ብራና ጌጥ፣ እንደ ሐረግ እየሣልሁ ነው የሄድሁት። ከላይ የድንጋዩን ቤት ሣልሁ። በእኛ ሥርዓት የጌታና የእመቤታችን፣ የቅዱሳንም ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል፣ የቀረው በጥቁር። እጄ ለምዶበት ይሁን ለቀልድ፣ የዚያችን የሞተች ሴት ስም በተገኘችበት ሁሉ በቀይ ጻፍሁት። ክሩን በሰም አሽቼ ሰፋሁና ሰጠኋት።

ገልጣ አየችና፣ «ታቦት ብቻ ቀራት» አለችኝ።

ከነጠላዋ ሥር ብብቷ ውስጥ ከተተችው። ወደ አገሯ ከተማ ወደ ጽጽቃ የሚሄደው የጭነት መኪና ላይ ወጣች፣ አቧራው ሸፈናት።

ትምህርት ሲከፈት አልመጣችም። አንድ ሳምንት ቆየሁ። በገበያ ቀን ፍየል ሊሸጥ የመጣ የአገሯ ሰው አገኘሁና ጠየቅሁት። ታማለች አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጽሕፈት ተገኘባት አለ፤ በብብቷ፣ በቀይ የተጻፈ፣ በክር የተሰፋ። ትንቀጠቀጣለች፣ ትቃጠላለች፣ ሲብስባት በማይታወቅ ቋንቋ ትለፈልፋለች። ሰው አስደግሞባት ነው።

ቋንቋውን እኔ አውቀዋለሁ። ለፈተና የሚገባው ነው።

በማግስቱ በጭነት መኪና ጽጽቃ ደረስሁ፤ ከዚያ ወደ ተከዜ በኩል ቁልቁል ግማሽ ቀን በእግር ወረድሁ። አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፣ የማሽላው አገዳ ይንሿሿል፣ ወንዙ ዳር ትንኝ እንደ ጭስ ቆሟል። ያን ትንኝ ሳይ በሽታውን አወቅሁት። በየዓመቱ ከቆላ የሚመጡት ልጆች የሚንቀጠቀጡበት ያው ወባ ነው። መድኃኒቱም ጽጽቃ ጤና ጣቢያ አለ፤ አልፌው ነው የመጣሁ።

ቤቱ ጨለም ያለ ነበር፣ የፍየልና የእርጥብ አፈር ሽታ አለው። እሷ መደብ ላይ ተኝታለች። አባቷ አጠገቧ፣ የንስሐ አባታቸው በርጩማ ላይ፤ የእኔ ጥራዝ መሬት ላይ፣ ማንም እንዳይነካው ድንጋይ ተጭኖበት።

እኔ ነኝ የጻፍሁት አልሁ፣ ገና ሳልቀመጥ። እውነት ነገሩን ያቀለዋል ብዬ ነበር።

የንስሐ አባቷ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ድንጋዩን አንሥተው ገጹን ወደ እኔ አዞሩት።

«ልጄ፣ ቀይ የስም ነው። ይህ የማን ስም ነው?»

«የአንዲት ሴት ነው አባታችን።»

«በሕይወት ያለች?»

«የሞተች።»

አባቷ አማተቡ። ውጭ አንድ ፍየል ጮኸች።

ወባ ነው፣ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት አልሁ። እሳቸውም መድኃኒት አልጠላም አሉኝ፤ ነገር ግን የተደገመበት ሰው መርፌ ከገባበት አይተርፍም፣ የቀደሙት የነገሩን ይህንን ነው። መጀመሪያ የጻፈው ይፍታ። ከፈታ በዚያው ሰዓት ወደ ጽጽቃ ትሂድ፣ ቃሬዛውን እኔው ራሴ እይዛለሁ አሉ።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። ከእኔ የተፈለገው አንዲት ቃል ናት። ፈታሁ ማለት። ውኃ ላይ ሁለት መስመር ዳዊት ደግሞ፣ እፍ ብሎ፣ ፈታሁ ማለት።

እኔ ግን አስተማርኋቸው። ድግምት አይደለም፣ የሚፈታም ነገር የለውም፣ ልብ ወለድ ነው፣ ደራሲው ከልቡ ፈጥሮ የጻፈው ነው አልሁ። የንስሐ አባቷ በጥሞና ሰምተው፣ ያልኖረችን ሴት ሞታ ትዞራለች ብሎ የሚጽፍ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው አሉኝ። ያን ከሰዓት በሙሉ ተከራከርሁ። የተማርሁ ነኝ ማለት አለ በውስጡ፤ ድግምት ፈታ ተብሎ ስሜ ሰቆጣ እንዳይደርስ መፍራትም አለ። ዕድሜዬ አስራ ሰባት ነበር፣ መርታት እፈልግ ነበር።

በመጨረሻ አባቷ ተነሡ። ረጅም፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። መጥተው ከፊቴ ተንበረከኩና ጉልበቴን ያዙ።

«እባክዎ» አሉኝ። «የፈለጉትን ይውሰዱ፣ ብቻ ይፍቱልኝ።»

እርስዎ አሉኝ። የልጃቸው እኩያ ነኝ። በሕይወቴ እርስዎ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው፤ እኔም ያን ሽማግሌ ከጉልበቴ ላይ አንሥቼ የመለስሁላቸው፣ የምፈታው የለኝም አባቴ፣ የሚል ነው። እውነት ነበር። እውነቴን ይዤ ቆምሁ። ዓይናቸውን ሳየው የገባቸው ሌላ ነው፤ ይችላል፣ እምቢ አለ።

ትኩሳቱ ለጥቂት ጊዜ ሲለቃት ስሜን ሳትጠራ፣ «ጸሐፊው፣ መጣህ?» አለችኝ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጎንበስ አልሁ። ከላብዋ ሽታ ጋር ያ የክሩ ሰም ይሸታል፣ ብብቷ ውስጥ ሲሞቅ ቀልጦ ኖሯል።

«ጨርሼዋለሁ» አለች። «መጨረሻውን ልንገርህ?»

«ስትድኚ።»

«አስወድደዋለሁ፣ እወቅ።»

ካልነገረችኝ የምትቆይ መስሎኝ ነበር። ያልተሸጠ ዕቃ ይዞ ነጋዴ አይሞትም ብዬ እንደሆን እንጃ።

በማግስቱ ጠዋት፣ የሚፈታ ስለጠፋ፣ ቁልቁል ካለው ጸበል ሊወስዷት ቃሬዛ አበጁ። አንድ ሰው ጎደለ። ከአራቱ አንዱን እጀታ እኔ ተሸከምሁ። አንድ ትልቅ ቁርቁራ ዛፍ አለ፣ መንገዱ ከሥሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ሽቅቡ ወደ ጽጽቃ፣ ቁልቁሉ ወደ ጸበሉ። ከዛፉ ሥር ስንደርስ ትከሻዬ ወደ ሽቅቡ ሳበ፤ ሳላዝዘው ነው። ቃሬዛው ተንገዳገደ። ከኋላዬ የነበረው ወንድሟ፣ «ወንድምዓለም፣ እግርህን እይ» አለኝ፣ የተደናቀፍሁ መስሎት። እግሬን አየሁ። ቃሬዛ ሦስቱ ወደሚሄዱበት ነው የሚሄድ። ወረድሁ።

ጸበሉ ዳር አድርሼያት ተመለስሁ። ፈተና ነበረብኝ። በሦስተኛው ቀን ማረፏን የሰማሁት መታመሟን በሰማሁበት በዚያው ፍየል ተራ ነው። ፈተናው ስለ መጽሐፉ መጨረሻ ይጠይቃል፣ ወረቀቱን ነጭ አድርጌ ሰጠሁ። ጥራዞቹን ሰብስቤ ለመምህሩ መልሼ ሰፋሁለት፣ የመጨረሻውን ሳልገልጠው። በዚያው ዓመት ትምህርቱን ትቼ ከአንድ ማር ነጋዴ ጋር ዞርሁ።

ዛሬ ቢሆን ቁርስ ሳልበላ እዋሽ ነበር። ፈታሁላት፣ ግን እስከ እኩለ ቀን ጤና ጣቢያ ደጃፍ ካልደረሰች ይመለስባታል፣ ፍጠኑ፣ እል ነበር። ውኃ የገባበትን ማር የበረሃ ማር ነው ብሎ የሚምል ሰው ፊት ስቀመጥ በኖርሁባቸው ዓመታት፣ ይህን ውሸት ስንት ጊዜ እንዳሳመርሁት እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ጊዜ ውኃውን እረጫለሁ፣ አንድ ጊዜ ጥራዙን እቀድደዋለሁ፣ አባቷ ይነሣሉ፣ ቃሬዛው ሽቅብ ይወጣል። ያን ጊዜ ግን ተማሪ ነበርሁ።

ወረቀቱን ይዤ እንደተቀመጥሁ አንዲት ተማሪ ስኳር ልትገዛ ገባች፣ ደብተሯን በደረቷ አቅፋ። ስኳሩን ስመዝን ዓይኗ ገጹ ላይ አረፈ። ጥቂት መስመር በከንፈሯ አነበበችና ተገረመች።

«ጋሼ፣ ይሄን እኮ እኛም ክፍል ውስጥ እያነበብነው ነው። በስልክ ነው ያለን። እርስዎ አንብበውታል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው» አልኋት፣ ዓይኔን ሳላሽ።

እኛ ገና መሀሉ ላይ ነን፣ አስተማሪያችንም አይነግረንም አለች። ለሌላ ላለመናገር እንደምትምል ሆና ወደ መደርደሪያው ጠጋ አለች።

«ያቺ ፎቅ ላይ የተኛችው ልጅ ትድናለች?»

ገጹን ወደ ጎን አደረግሁና ሌላ ወረቀት ስቤ ስኳሯን ጠቀለልሁላት።

«ትድናለች» አልኋት። «ሐኪም ቤት ወሰዷት።»

«በዚያ አገር ሐኪም ቤት ነበር እንዴ?»

«ነበር» አልሁ። «ሩቅም አልነበረ። ግማሽ ቀን ነው።»