ግራሯ ሥር የሚፈላው ሞተር

ከእንሴኖ ወደ ቡታጅራ ሲመለሱ፣ መንገዱ ገና ጠጠር በነበረበት ጊዜ፣ ዳገቱ ያለቀ ሲመስል አንዲት ጠማማ ግራር ነበረች። አሁን ትኑር አትኑር አላውቅም፤ በዚያ ሳልፍ ወደ ሌላ አቅጣጫ ማየት ልማድ ሆኖብኛል። ታላቅ ወንድሜ የሞተው እዚያች ግራር ሥር ነው። ሰው ሁሉ በሞተር ሳይክል ወድቆ ሞተ ይላል፤ እኔም ማረም ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የሞተሩ ውሃ ፈልቶበት አቆመው፤ እስኪቀዘቅዝለት ጥላው ሥር ተቀምጦ ሳለ ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና መንገዱን ስቶ መጣበት። ሞተሩ አንድ ጭረት እንኳ አላገኘውም።

ያ ሞተር ሳይክል መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት በኋላ ነው እኛ ቤት የገባው። ወንድሜ ጉድጓድ የሚያስቆፍር የውጭ አገር መሐንዲስ ሹፌር ነበር፤ ሰውዬው ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲሄድ ለመታሰቢያ ሰጠው። ቡታጅራ የምናውቃቸው ሞተሮች የሚቀዘቅዙት በነፋስ ነበር። ይሄኛው ግን እንደ መኪና ራዲያተር ነበረው፤ በውሃ ነው የሚቀዘቅዘው። በዚያ ላይ ቱርቦ ተገጥሞለታል፤ በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚነፋለት ዕቃ ነው። ጉልበቱን ያበዛዋል፣ ሙቀቱንም እንዲሁ። የከተማው ወጣቶች ወንድሜን «ባለ ቱርቦው» ይሉት ነበር፤ እሱም ሲጠሩት ደስ እንደሚለው ያስታውቅበት ነበር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሞተር አልወድም፤ ጩኸቱ ያናድደኛል፣ ግራሶው ደግሞ የሰው ጨርቅ ያበላሽብኛል። ለቅሶው አልቆ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን ሞተሩን እንሽጠው አልኩ። እናቴ በርበሬ ነጋዴ ናት፤ በገበያ ቀን እንሴኖ ወርዳ ከገበሬው ትገዛና ቡታጅራ አምጥታ ትሸጣለች። ወንድሜ በሕይወት ሳለ የሚያመላልሳት እሱ ነበር።

«አይሸጥም፤ አንተ ታደርሰኛለህ» አለችኝ።

«አውቶቡስ አለ እኮ እማ።»

«አውቶቡስ እዚያ አይቆምም።»

የት እንደሆነ አልጠየቅኳትም። መንዳት ከጎረቤት ተለማመድኩና ወሰድኳት።

ስንወርድ ምንም አልሆነም። ስንመለስ ግን እናቴ ከኋላዬ፣ የበርበሬው ጆንያ ከኋላዋ ታስሮ ዳገቱን ስንያያዘው የሙቀቱ ቀስት ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። ግራሯ ከሩቅ ስትታየን ቀዩ ጋ ደረሰ። ሥሯ ስንደርስ ነጭ እንፋሎት ፊቴ ላይ ቡልቅ አለ፤ አቆምኩ። እናቴ ዘመድ ቤት እንደደረሰ ሰው ተረጋግታ ወረደች። «አሰላሙ አለይኩም» አለች፤ ከኔ በቀር የሚሰማት ሰው አልነበረም። ከዚያ መዳፎቿን ዘርግታ ለረጅም ጊዜ ዱዓ አደረገች። እኔ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ ከጀሪካን ውሃ ጨመርኩበት።

«አየኸው? ወንድምህ አቆመን» አለችኝ ስትሳፈር።

አጋጣሚ ነው አልኩ በልቤ። በሚቀጥለው ገበያም እዚያው ፈላ። ከዚያ በኋላም እንደዚያው። ቀስ ብዬ ብነዳ እዚያው ነው፤ ብፈጥንም እዚያው። ውሃውን እስከ አፉ ሞልቼ ብነሳም ግራሯን አያልፋትም። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ሽታው ነው። እንፋሎቱ ወጥ ወጥ ይሸተኝ ነበር። ከሜዳ መሃል፣ ከሞተር ሆድ ውስጥ፣ የእናቴ ማጀት ሽታ! አበድኩ ብዬ ፈራሁ፤ ለሰው አልተናገርኩም። እናቴን ሰረቅ አድርጌ ሳያት ዓይኗን ጨፍና ሽታውን በረጅሙ ወደ ውስጥ ትስባለች፤ እንባዋም ይወርዳል።

እየዋለ እያደረ ግራሯ ሱቄ ድረስ ተከትላኝ መጣች። ሸሚዝ እየሰፋሁ ሽታው ድንገት ይመጣብኛል። ስነዳ ከኋላዬ ያለው ክብደት የእናቴና የጆንያው ብቻ አይመስለኝም፤ ሌላ ሰው ተደርቦ የተቀመጠ ይመስለኛል። ዞር ብዬ ለማየት ደግሞ ወኔው የለኝም። ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ ጂን አለበት ተባለ፤ ሊገዛው ይመላለስ የነበረ ሰው እንኳ ሱቄ በር ላይ ሲደርስ መንገድ መቀየር ጀመረ። እናቴ ግን ገበያ በደረሰ ቁጥር የሠርግ ጥሪ ያለባት ይመስል ማልዳ ትነሳለች። ሁለታችንም እየከሳን ነበር። እሷን በዚያ ሁኔታ ማየት አልቻልኩም፤ ፈርቼም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ሞተሩን ገፍቼ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ የሰሜን ሰው ነው፤ ድሮ ጦር ሠራዊት ውስጥ ታንክ ይጠግን ነበር፤ ሠራዊቱ ሲበተን እዚሁ ቀረ። የሆነውን ሁሉ እያፈርኩ ነገርኩት።

«ጂን ከሆነ እኔ አልችልበትም። ውሃ ከሆነ ግን እናገኘዋለን» አለኝ፤ አልሳቀብኝም።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ቱርቦው ነው። ፈታው፣ አገላብጦ አየው፣ ደህና ነው። ራዲያተሩን የሚያራግበው ቬንትሌተርም ሲሞቅ በሰዓቱ ይሽከረከራል። ከዚያ ቴርሞስታቱን አወጣ፤ ሞተሩ ሲግል ለውሃው በር የሚከፍት ትንሽ ዕቃ ነው። ሌሎቹ መካኒኮች አውጥተው ነው የሚጥሉት። እሱ ግን ሻይ ቤት ሄዶ ከሚፈላ ድስት ውስጥ ከተተው፤ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ እየተራገመች፣ እኔም እያየሁ፣ ቀስ ብሎ ተከፈተ። እሱም ደህና ነው። ቀጥሎ ሞተሩን አስነስቶ የራዲያተሩን አፍ አጎንብሶ ሲያይ ቆየ። በሞተሩ ክዳን፣ በቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ቢሆን ጭሱ ወደ ውሃው እየገባ አረፋ ያወጣ ነበር አለኝ። አረፋ የለም። እኔ በልቤ ጂኑን ማመን ጀምሬ ነበር።

«እጅህን አምጣ» አለኝ በመጨረሻ። መዳፌን ይዞ ራዲያተሩ ላይ አሳረፈው። ላዩ ይፋጃል። መሃሉን አስነካኝ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ሬሳ የነካሁ ያህል ደነገጥኩ። «ውሃው እዚህ ጋ አያልፍም። ቱቦዎቹ ተደፍነዋል። ቁልቁለትና ሜዳ ላይ የቀረው ክፍት ቱቦ ይበቃዋል፤ ጭነትና ዳገት ሲመጣበት ግን አይችልም። ግራሯ ጋ የሚፈላው ለዚህ ነው፤ ዳገቱ አቅሙን የሚጨርሰው እዚያ ላይ ነው።»

ራዲያተሩን ፈትቶ አወረደ፤ የላዩን ክዳን ብየዳ በእሳት አቅልጦ ከፈተ። ውስጡ በቀይ ጭቃ ተሞልቷል። መካኒኩ በሽቦ ጫረና መዳፉ ላይ አደረገው። ፍሬ ነበረበት። ቢጫ፣ ጠፍጣፋ፣ የበርበሬ ፍሬ። ሽታው አፍንጫዬን መታኝ፤ ግራሯ ሥር የሚሸተኝ ያው ነበር።

«ሹፌሮች ያደርጉታል» አለ መካኒኩ። «ራዲያተር በጠጠር ሲበሳና ሲያፈስ ጥቂት በርበሬ ይጨምሩበታል፤ ቀዳዳውን ይደፍናል። ይኸው፣ እዚህ ጋ ደፍኖታል። ግን በዛ። ይሄን የጨመረው ሰው እጁን አልሰሰተም።»

ልብስ ሰፊ ቁራጮችን መገጣጠም ያውቅበታል። ሽታው እብደቴ አልነበረም። ወንድሜ ሞተሩ ሲያፈስበት ከቤት በርበሬ ወስዶ ጨመረበት። በርበሬው ቀዳዳውን ደፈነ፣ ቱቦዎቹንም ደፈነ። ዳገቱ ላይ ፈላበት፤ ግራሯ ሥር አቆመው፤ መኪናው እዚያ አገኘው። የእናቴ በርበሬ ነው። ይህን ብታውቅ አንድ ቀን አታድርም ብዬ አሰብኩ። መካኒኩን ለማንም እንዳይናገር ለመንኩት፤ እሱም አንገቱን ነቀነቀልኝ።

ማታ እናቴ በርበሬ እየቀነጠሰች «ምን ተገኘበት?» አለችኝ።

«አፈር ነው። የወንዝ ውሃ ስንጨምርበት የገባ አፈር።»

«አፈር» አለች። እጆቿን ለጥቂት ጊዜ አየቻቸውና መቀንጠሷን ቀጠለች።

በሚቀጥለው ገበያ ራዲያተሩ ጸድቶ፣ ቀዳዳውም ተበይዶ ሄድን። ስንመለስ ዳገቱን ያዝነው፤ ቀስቱ መሃል ላይ ቆሞ ቀረ። ግራሯ ታየች፣ ቀረበች። እንፋሎት የለም፣ ሽታ የለም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ከኋላዬ ተደርቦ ይሰማኝ የነበረው ሰውም አልነበረም። ግራሯን አልፈን ጥቂት እንደሄድን እናቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

«መልሰኝ።»

ዞሬ ተመለስኩ። ወረደች፤ ሰላምታዋን አላሰማችም፣ መዳፏንም አልዘረጋችም። መጥታ ራዲያተሩን ዳሰሰችው፤ እንደ መካኒኩ ላዩንም መሃሉንም። ሁሉም ቦታ እኩል ለብ ብሎ ነበር።

«በርበሬው ሁሉ ወጣ?» አለችኝ።

ሞተሩን አጠፋሁት።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለች። «ያን ቀን ጠዋት፣ ጆንያዬን ሊያመጣልኝ ብቻውን ሲወርድ፣ እማ ራዲያተሩ ያፈሳል፣ አንድ ጭብጥ በርበሬ ስጪኝ አለኝ። ልጄ መንገድ ላይ ቢያንሰውስ ብዬ በእፍኝ እየደጋገምኩ ሰጠሁት። ይበቃል እማ፣ በዛ እያለኝ።»

ጥላው ሥር ቁጭ አለች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ እንባ የናፍቆት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«እንፋሎቱ ሲመጣ ገና በመጀመሪያው ቀን ከሽታው አወቅኩት። የኔ ድልዝ ነው፣ በቅመም የወቀጥኩት በርበሬ፤ እንዴት ይጠፋኛል? እዚህ ሲያቆመኝ፣ ልጄ አፉ በለኝ፣ ማረኝ እለው ነበር። በየገበያው እለው ነበር።» ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «ዛሬ አላቆመኝም። አፉ ብሎኝ ነው?»

እንደ ልጅነቴ አዎ፣ ብሎሽ ነው እማ ልላት ፈለግኩ። ግን አፈር ነው ብዬ አንዴ ዋሽቻታለሁ፤ ከዚያ በኋላ የምናገረውን ሁሉ እንደማታምነኝ አውቄ ተውኩት። ሞተሩ ከተዘጋ ቆይቷል፤ እዚያ የሚያስቀምጠን ምንም ነገር አልነበረም። እሷ ግን የሚበርድ ነገር ያለ ይመስል ራዲያተሩን እያየች ትጠብቅ ነበር፤ እኔም አብሬያት ጠበቅኩ።